ፈይሩዛ ከዛላ የወጣች ጊዜ

ፈይሩዛን የሚያውቅ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ አፏ አያርፍም። ሐሜተኛ ናት ማለት ግን አይደለም። ሐሜተኛ ሰውየው እስኪሄድ ጠብቆ ነው የሚናገረው፤ ፈይሩዛ እስኪመጣ ትጠብቀዋለች። ጢቾ ተወልዳ በልጅነቷ አሰላ የገባች፣ ሠላሳን አለፍ ያለች ቀጭን ረዥም ሴት ናት። ዲፕሎማዋን ከያዘች ወዲህ ያልሞከረችው ሥራ የለም። እህል ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረች፤ ሚዛንህ ያዳላል ብላ ገበያተኛ በተሰበሰበበት ነገረችው። ፎቶ ቤት ገባች፤ ሙሽራዋን እናቷ እስክትስታት ድረስ አነጣሃት ብላ ከባለቤቱ ጋር ተጣላች። አንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት ወሰዳት፤ ግምገማ ላይ «ሐሳብ ያለው?» ሲባል እጇን አወጣች። እንዲያ ሲባል ማንም ሐሳብ እንደማይጠብቅ የነገራት ሰው አልነበረም። ከየቦታው ስትሰናበት ግን የሚያዝኑላት ብዙ ነበሩ፤ ሌላው በሆዱ ይዞት የሚዞረውን እሷ አውጥታ ትገላግለዋለችና።

እናቷ፣ ሰፈሩ አደ አይሻ የሚላቸው፣ በዚህ ነገር ሆዳቸው ያረረ ሴት ናቸው። «አፍሽን ያዝ ብታደርጊ እኮ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ነበርሽ» ይሏታል። ፈይሩዛም «አፌን ይዤ በምኔ ልቆጣቸው?» ትላለች። ሁለቱ እንዲህ ሲነታረኩ ይውሉና ማታ ከአንድ ሰሃን ይበላሉ።

ዛላ የተባለው ድርጅት ውስጥ የገባችው በጎረቤት ልጅ በኩል ነው። ኢርሻድ ይባላል። ትንሽ ሳለ እጁን ይዛ መንገድ የምታሻግረው፣ ንፍጡን የምትጠርግለት ልጅ ነበር፤ አድጎ አዳማ ምህንድስና ተማረና አንድ ላፕቶፕና ብዙ ሕልም ይዞ ተመለሰ። ሕልሙ ክፉ አልነበረም። አርሲ ውስጥ ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር ይፈለጋል፤ ኮምባይነሩ የሌላ ሰው ነው፤ በባለ ማሳውና በባለ ማሽኑ መካከል ደላላ ቆሟል። ደላላው ዛሬ ይመጣል ያለው ማሽን በሳምንቱም ላይመጣ ይችላል፤ ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ ይጠብቃል። ኢርሻድ ይህን በስልክ አስተካክለዋለሁ አለ። ገበሬውም ይመዘገባል፣ ባለ ማሽኑም ይመዘገባል፣ ሁለቱን ዛላ ያገናኛቸዋል። ስታርትአፕ ነው አለ። ሰፈሩ ስታርትአፕ ምን እንደሆነ ባያውቅም ልጁ ክራቫት ሳያስር አለቃ መሆኑን አይቶ ተገረመ።

ቢሮው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከመለዋወጫ መደብር በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አራት ሰዎች ናቸው፤ አራቱም ኃላፊ። ኢርሻድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ የምትውለው ማሂ የቴክኖሎጂ ኃላፊ፣ በሞተር እየዞረ ባለ ማሽኖችን የሚያግባባው ቦንሳ የኦፕሬሽን ኃላፊ፣ ፈይሩዛ ደግሞ የደንበኞች ኃላፊ። በመጀመሪያው ሳምንት ፈይሩዛ ጠየቀች።

«አለቃ፣ ሁላችንም ኃላፊ ከሆንን ቢሮውን የሚጠርገው የቱ ኃላፊ ነው?»

«እኛ ዘንድ የበላይና የበታች የለም፣ ፌሩ። ሁላችንም እኩል ነን» አላት ኢርሻድ።

ስለዚህ ፈይሩዛ ጠረገች።

ከዚያ ወዲያ ትችቷ አላባራም። ደግሞስ እንዴት ያባራል? ኢርሻድ አዲስ አበባ ሄዶ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ደህናዎቹን ወንበሮች ሸጠና እንደ ከረጢት የተሰፉ፣ ውስጣቸው ፍርፋሪ የተሞላ ባለ ቀለም መቀመጫዎች ገዛ። የፈጠራ መንፈስ ያመጣሉ ተብሎ ነው። በማግስቱ ከጢቾ የመጡ አንድ አዛውንት ቁጭ አሉና ሰመጡ። ኢርሻድና ቦንሳ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጎትቷቸው ፈይሩዛ በሩ ላይ ቆማ «ደንበኛ የሚቀመጥበትን ሸጠህ የሚወድቅበትን ገዛህ» አለችው። ቀጥሎ ደግሞ አዲስ ሰው በተመዘገበ ቁጥር የሚደወል ትልቅ ደወል ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። የታችኛው ባለ መደብር ደወሉ በጮኸ ቁጥር እየደነገጠ የያዘውን ይለቅ ነበር። ደግነቱ ደወሉ ብዙ ጊዜ አልጮኸም።

ሐሳቡም አይረጋም። ሰኞ የኮምባይነር የነበረው ድርጅት ረቡዕ ድንች ያመላልሳል፤ ዓርብ ላይ ኢርሻድ ስለ ድሮን ያወራል። «አንተ ልጅ፣ አንዱን ጀምረህ ጨርስ እንጂ» ስትለው «አቅጣጫ እየቀየርን ነው» ይላታል። በየወሩ አንድ ውድድር ይሄዳል፤ ቆሞ ያወራል፤ ይጨበጨብለታል፤ ምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል። ግድግዳው በምስክር ወረቀት ሞላ። «ከዚህ ቤት የተመረቀው ግድግዳው ብቻ ነው» አለች ፈይሩዛ። ደመወዝ ሲዘገይም ኢርሻድ ሁሉንም ሰብስቦ ከድርጅቱ ድርሻ እንደሚሰጣቸው በሚያምር አማርኛ ያስረዳል። ማሂ ታጨበጭባለች። ፈይሩዛ አታጨበጭብም።

ከሁሉ የሚያስቀው የስልኩ ነገር ነው። ማሂ ዓይኗ እስኪቀላ የለፋችበት አፕሊኬሽን ኢንተርኔት ሲኖር ያማረ ነበር። ገበሬው ግን ያማረ ነገር አልፈለገም፤ የሚያናግረው ሰው ፈለገ። ስለዚህ ይደውላል። ለድርጅቱ የራሱ አጭር ቁጥር እንዲሰጠው ማመልከቻ ገብቶ ነበር፤ መልስ አልመጣም። መልሱ እስኪመጣ ኢርሻድ በየማስታወቂያው፣ በየወፍጮ ቤቱ በር ላይ የፈይሩዛን የራሷን የስልክ ቁጥር አሳተመ። «ለጊዜው ነው» አላት። በዛላ ለጊዜው ያልሆነ ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ እያለች ጠዋት ቀድማ የምትገባው ግን እሷው ናት። ስልኩ ሲጮህ ፊቷ ይፈካል። «አሎ! አካም? ነጋ?» ብላ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ በአማርኛ ትቀጥላለች፣ እንደ ደዋዩ አንደበት ትመላለሳለች። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ የማን ጉልበት እንደሚያም፣ የማን ማሳ ከዝናብ በኋላ እንደሚረጥብ ታውቃለች፤ ሰዎቹን ግን አንዳቸውንም አይታ አታውቅም። ሥራውን ትወደው ነበር። በሕይወቷ እንዲህ የወደደችው ሥራ አልነበረም። ለምን ይዋሻል፣ ኢርሻድንም ትወደው ነበር፤ ያን ሁሉ የምትለፈልፈው እንዳይወድቅባት ፈርታ ነው። ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የማትናገረው ይህን ብቻ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በመከር ነው። ታኅሣሥ ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይመጣል ተብሎ ሰዉ ሁሉ ተጣድፎ ነበር። ኢተያ አጠገብ ሃጂ ቱሳ የሚባሉ ገበሬ አሉ፤ ፈይሩዛ ዓመቱን ሙሉ በስልክ ስታወራቸው ከርማለች። ስንዴያቸው ደርቆ ቆሟል፤ ዛላ የመደበላቸው ኮምባይነር ከአቦምሳ ነው የሚመጣው። ጠዋት ደወሉ።

«ልጄ፣ አንድ ደላላ ሌላ ማሽን ይዞ በደጄ እያለፈ ነው። እሱን ላስገባው ወይስ የእናንተን ልጠብቅ?»

ፈይሩዛ ስልኩን በእጇ ከድና ኢርሻድን ጠየቀችው። ኢርሻድ ከላፕቶፑ ቀና ብሎ «ወጥቷል። መንገድ ላይ ነው በያቸው» አላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወጥቷል አልኩሽ እኮ።»

«መንገድ ላይ ነው፣ አባ። ይጠብቁ» አለች ፈይሩዛ። ሃጂ ቱሳም ደላላውን አሰናበቱ።

ማሽኑ አልወጣም ነበር። አቦምሳ ላይ ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠብቅ ነበር። ኢርሻድ ክፉ አስቦ አይደለም፤ አሁን ይጠገናል ብሎ ያመነውን እንደተጠገነ አድርጎ ማውራት ልማዱ ነው። ሥልጠናውም ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ደንበኛ ፊት የለም አይባልም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ለቀናት አላባራም። ቆሞ የነበረው ስንዴ ተኛ፣ ፍሬው ከአገዳው ሳይወርድ በቀለ፤ የተረፈው ለከብት መኖ ሆነ።

ሃጂ ቱሳ ደውለው ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ደውለው «ልጄ፣ ማሽኑ እስካሁን አልደረሰም። ሹፌሩን በዚህ ዝናብ መንገድ ላይ አደጋ አግኝቶት እንዳይሆን፤ እስቲ ጠይቂልኝ» አሏት። ማሳቸው ውኃ ውስጥ ተኝቶ ለማያውቁት ሹፌር ተጨንቀው። ፈይሩዛ ስልኩን ዘግታ የማሽኑ ኦፕሬተር ጋ ደወለች፤ ማሽኑ ከአቦምሳ አለመነቃነቁን ሰማች። ለሃጂ ቱሳ መልሳ አልደወለችም።

በማግስቱ ቢሮ ገብታ የጠረጴዛዋን ቁልፍ ኢርሻድ ፊት አኖረች።

«ፌሩ፣ አንድ ስህተት እኮ ነው። ከስህተት እንማራለን» አለ ኢርሻድ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስህተት የምትለው አንተ ስትሳሳት ነው። ይሄን ጊዜ ግን በእኔ አፍ ነው የዋሸኸው» አለችውና ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ባለ መደብሩ «ምነው ዛሬስ ዝም አልሽ?» ብሎ ጠየቃት። አልፋው ወደ ቤቷ ሄደች።

ሥራውን ለቀቀች፤ ሥራው ግን አለቀቃትም። ቁጥሩ የራሷ ነዋ! በኢተያ፣ በጢቾ፣ በአቦምሳ ወፍጮ ቤት ሁሉ የተለጠፈው የእሷው ስልክ ነው። በመጀመሪያው ቀን አላነሳችም። በሁለተኛው ቀን ስልኩ እየጮኸ ሲያስቸግራት «ከዚያ ወጥቻለሁ» ለማለት አነሳች፤ በዚያ በኩል ያለው ሰው ስንዴዬ ሊረግፍብኝ ነው ብሎ ሲማጸናት ሳታስበው «ቆይ እስቲ ላጣራ» አለች። ቦንሳ ጋ ደወለች። ቦንሳ ከቢሮው ኮሪደር በሹክሹክታ የትኛው ማሽን የት እንዳለ ነገራት። ከዚያ ኦፕሬተሩ ጋ ራሷ ደውላ አረጋገጠች። ካለ አለ ትላለች፤ ከሌለ ደግሞ «ለዚህ ሳምንት የለም፣ አባ፤ ደላላ ካገኙ ያስገቡ» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የአደ አይሻ ሳሎን ቢሮ ሆነ። ፈይሩዛ ሶላት ላይ ስትሆን ስልኩን የሚያነሱት አደ አይሻ ራሳቸው ናቸው። «ዛላ ነው፤ ኃላፊዋ እየሰገደች ነው» ይላሉ። ለልጃቸው ግን «ከሥራ የወጣ ሰው እንዲህ ነው እንዴ?» እያሉ መጨቅጨቃቸውን አልተዉም።

ቢሮው በአንጻሩ ጸጥ አለ። ኢርሻድ ከግድግዳው ወረቀቶች ጋር ተፋጦ ይውላል ይባል ነበር። ፈይሩዛ ይህን ስትሰማ ይበለው አለች፤ ከዚያ ደግሞ ምሳ በልቶ እንደሆነ ቦንሳን ጠየቀችው። አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የማትደውልበት። የሃጂ ቱሳ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሳቸው እንዳይሆኑ ትፈራለች፤ እሳቸው ሳይሆኑ ሲቀሩ ደግሞ ይከፋታል። እኚያ ሰው እንደ ውሸታም ቆጥረውኛል የሚለው ነገር እህል አላስበላ ብሏት ከሳች።

አንድ ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ከአጥር ውጭ ሳል ተሰማ። አደ አይሻ በመስኮት አዩ። ሁለት አዛውንት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ግቡ ሳይባሉ አንገባም ብለው ደጅ ቆመዋል። ሽማግሌ ደጅ ሲቆም ያላገባች ልጅ ያላት እናት ምን ታስባለች? አደ አይሻ «አልሃምዱሊላህ!» ብለው ሻርባቸውን ቀየሩ፤ ለአራስ ጥየቃ ብለው ያስቀመጡትን የገብስ ጭኮ ከነቅቤው አወጡ፤ ልጃቸውን ጓዳ ጎትተው «ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ምነው ብትነግሪኝ?» እያሉ ቆነጠጧት። ፈይሩዛ የምታውቀው ነገር አልነበረም። በመስኮት ብቅ ብላ ስታይ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ አጥሩ ጥግ፣ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ ታቅፎ የቆመውን ኢርሻድን አየችው። ጥፋተኛ እስኪጠራ ደጅ ይቆማልና ቆሟል።

«የኛው ኢርሻድ?» አሉ አደ አይሻ ዓይናቸው ፈጦ። «በዕድሜ ታናሽሽ ነው፤ ግን ምን ይደረግ፣ ጥሩ ልጅ ነው።»

«እማ፣ በአላህ! ለሥራ ነው የመጡት።»

«ለሥራ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል?» አደ አይሻ ጭኮውን መልሰው ሊያስገቡ አሰቡና ነውር ሆነባቸው። ቀረበ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አንዱ አቶ ገብረ መድህን ናቸው፤ በመንግሥት እርሻው ዘመን ኮምባይነር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ውስጥ የተጣላ ሁሉ ደጃቸው የሚሄድ ሰው። ሁለተኛውን ፈይሩዛ አታውቃቸውም። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» ሲሉ ግን ድምፃቸውን አወቀችው። ዓመቱን ሙሉ በጆሮዋ ውስጥ የነበረ ድምፅ ነው። ሃጂ ቱሳ ነበሩ።

የምትገባበት አጣች። ሃጂ ቱሳ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ኢርሻድ ተጠራና በሩ አጠገብ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ላፕቶፑ በአቶ ገብረ መድህን ትእዛዝ ደጅ ቀረ።

«ሥርዓቱን ታውቃላችሁ» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «ተበደልኩ ያለች ትናገራለች፤ በደለ የተባለ እስክትጨርስ ይሰማል። መሐል መግባት የለም። በይ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ለፈይሩዛ ከመጀመሪያው ጀምሪ ማለት! ጀመረች። ስለ ከረጢቶቹ ተናገረች፤ ከጢቾ የመጡት አዛውንት እንዴት እንደሰመጡ አሳየች። ስለ ደወሉ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ድሮኑ፣ ስለ ግድግዳው ተናገረች። አራት ኃላፊ ሆነው አንድ መጥረጊያ እንዳላቸው ተናገረች። አደ አይሻ ከጓዳ በር ሆነው «ውይ! እኔስ አላውቅም ነበር» እያሉ አጀቧት። ወደ ድርሻው ስትደርስ አቶ ገብረ መድህን አስቆሟት።

«ድርሻ ማለት እንደ እኩል አራሽ ነው?»

«መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«መሬቱ የማን ነው?»

«መሬት የለም።»

«በሬውስ?»

«በሬም የለም።»

«እና የምኑን እኩል ነው የሚሰጥሽ?»

«የሕልሙን» አለች ፈይሩዛ። አቶ ገብረ መድህን ሳቃቸውን ለማፈን ጢማቸውን ያዙ። ኢርሻድ «በረጅም ጊዜ ሲታይ ግን...» ብሎ ሊጀምር ሲል ከዘራቸው ወደ እሱ ዞረ።

ተናግራ ተናግራ ላብ አጠመቃት።

«ጨረስሽ?» አሉ ሃጂ ቱሳ። ከሰላምታው ወዲህ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

«ጨረስኩ።»

«አልጨረስሽም። ይሄ ሁሉ ሰው ሥራ የሚለቅበት አይደለም። በከረጢት ወንበር ሰው ይሥቃል እንጂ አይከሳም።»

ፈይሩዛ አንገቷን ደፋች። ብዙ የተናገረችው ይህን ላለመናገር እንደነበር ያን ጊዜ ለራሷም ገባት። «መንገድ ላይ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ ነው ያለኝ፤ ያወጣው ግን የእኔ አፍ ነው። እርግጠኛ ነህ ብዬ አንዴ ጠየቅኩት። ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው፤ ሲመኝ የሆነ ይመስለዋል። ኦፕሬተሩ ጋ ራሴ ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እርስዎ እኔን አምነው የደላላውን ማሽን መለሱት። ከዚያ በኋላ ስደውል ማን ነኝ ብዬ ነው የማወራዎት? ሰው ሁሉ አፈኛ ቢለኝ ለምጄዋለሁ። ውሸታም ብሎኝ ግን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

ኢርሻድ ከዱካው ተነሥቶ መሬት ላይ ተንበረከከ። ልጅ ሆኖ እንደሚያለቅሰው ነበር የሚያለቅሰው፤ ፈይሩዛ መሐረብ ልትሰጠው እጇ ሄዶ ተመለሰ።

«ስሚ ልጄ» አሉ ሃጂ ቱሳ። «ዝናቡ ገና ሳያባራ ይሄ ልጅ በጭቃ እስከ ቤቴ መጣ። ማሽኑ መንገድ ላይ ተበላሸ ቢለኝ አምነው ነበር። እሱ ግን ዋሽቻለሁ አለኝ። እሷ አታውቅም፣ ያልኳትን ነው ያለችው፣ በዚህም ጥላኝ ሄደች አለኝ። ሽማግሌ ሆኜ ልሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ደፍሮ አልጠየቀኝም።»

ይህን ጊዜ የፈይሩዛ ስልክ ከጓዳ ጮኸ። አደ አይሻ አነሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛላ ነው። ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ቆየት ብለው ይደውሉ» አሉ። አቶ ገብረ መድህን ነገሩ ስላልገባቸው ጠየቁ። አደ አይሻም ስልኩ እንዴት ከልጃቸው ጋር እንደመጣ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ሳሎን ስንት ማሳ እንደታጨደ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። አቶ ገብረ መድህን ወደ ኢርሻድ ዞሩ።

«ቢሮህ ስልክ ይደወላል?»

«አይደወልም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ድርጅቱ እዚህ ነው። እሷ ከየትም አልወጣችም፤ የወጣኸው አንተ ነህ። አሁን ይቅርታ ጠይቀህ የምትመለሰው አንተ ነህ።»

ኢርሻድ እንባውን እየጠረገ «እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ ዕርቁ አላስቸገረም። ስልክ የሚያነሳው ሰው ራሱ ያላረጋገጠውን ነገር እንዲናገር ማንም አያዘውም ተባለ፤ ኢርሻድ እሺ አለ። ወንበር ይገዛል ተባለ፤ እሺ አለ። መጥረግ በተራ ይሆናል ተባለ፤ ትንሽ ዘገየና እሺ አለ። አቶ ገብረ መድህን ፈይሩዛን «አንቺስ ትችቱን ትቀንሻለሽ?» ብለው ጠየቋት። «እሱማ አይሆንልኝም» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ይህን ከፍርዱ ውጭ አደረጉት። ጭኮው ተበላ፤ ኢርሻድም በላ፤ አደ አይሻ ሳህኑን እየሞሉለት አሁንም ከእግር እስከ ራሱ ይመዝኑት ነበር።

ሃጂ ቱሳ መርቀው ከተነሱ በኋላ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ወደ ተራራው ያለው ማሳዬ ገና አልደረቀም። ሲደርስ ለደላላው ልደውል ወይስ ለአንቺ?»

«ለእኔ ይደውሉ፣ አባ። ማሽኑን ኦፕሬተሩ ጋ ደውዬ ሳላረጋግጥ ቃል አይወጣኝም።»

«እሱማ የማሽኑ ነው» አሉ ሃጂ ቱሳ። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጆቼ ሁሉም ርቀዋል። ሚስቴ ካረፈች ቆየች። ስደውልልሽ ስለ ማሽኑ ሳታወሪ አስቀድመሽ የምትጠይቂኝ ነገር ነበር። ከዚያ ዝናብ ወዲህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስንዴው ሄደ፤ እሺ። ይሄ ግን ቀረብኝ።»

ፈይሩዛ በሻርቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ አባ?»

«ያማል» አሉ ሃጂ ቱሳ፣ ደስ ብሏቸው።